ሳይላክልን ስለ ሰማነው ቃል

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የማን ገንዘብ ነው? የተናጋሪው ነውን? ወይስ ድምፁ የደረሰው ጆሮ ሁሉ ባለቤት ይሆናል? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሰው በአጥር ጥግ ሲያልፍ፥ በጎረቤት ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ፥ የሌላውን ምሥጢር ሳይፈልግ መስማት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን በዘመናችን በመኪና ውስጥ የምትሰቀል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይህን አሮጌ ጥያቄ አድሳ በየደጃችን አምጥታዋለች። እኔም በዚህ ነገር የበደልሁት በደል ስላለ፤ ጥያቄውን ከራሴ ጀምሬ ልመረምረው ወደድሁ።

መሣሪያይቱን ብዙ ሰው ያውቃታል። በነጂው ግንባር ፊት ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ትሰካለች፤ በአዲሶቹ መኪናዎች ግን ከመኪናው ጋራ አብራ ተሠርታ ትመጣለች። ስልክ በተደወለ ጊዜ፤ ስልኩ በኪስ ወይም በቦርሳ እንዳለ የደወለው ሰው ድምፅ በእርሷ በኩል ጎልቶ ይሰማል፤ ነጂውም ስልኩን በእጁ ሳይዝ ይመልሳል። ስልኩንና መሣሪያይቱን የሚያገናኛቸው ሽቦ ሳይሆን ብሉቱዝ የሚባለው አጭር ርቀት የሚሄድ ሬድዮ ነው። ስሙም በ10ኛው መቶ ዓመት በዴንማርክ ከነገሠው ከንጉሥ ሐራልድ ቅጽል የተወሰደ ሲሆን፤ ትርጓሜው «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ያ ንጉሥ የተለያዩ ሕዝቦችን አንድ እንዳደረገ ስለሚነገርለት፤ ይህም የተለያዩ መሣሪያዎችን ያገናኛል ሲሉ ስሙን አወጡለት።

አንዲት መኪና አንድ ነጂ ብቻ ቢኖራት ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በከተማ ቤት አንዲቱን መኪና ጧት አባት፥ ቀትር ላይ እናት፥ ማታ ልጅ ይነዳታል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ስልክ አላቸው። መሣሪያይቱ ከዚህ ቀደም የተዋወቀችውን ስልክ አትረሳም፤ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ማንም ሳያዛት የምታውቀውን ስልክ ፈልጋ ትይዛለች፤ ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚይዙም ብዙ ናቸው። በመሪው ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ግን አታውቅም። ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አሥር ሜትር ያህል ስለሚደርስ፤ እናት በግቢ ውስጥ መኪናዋን ስታስነሣ፤ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የአባት ስልክ ሳይታወቅ ከመኪናዋ ጋራ ይገናኛል። አባት በሳሎን ሆኖ ስልኩን አንሥቶ «ሃሎ» ሲል፤ የደወለው ሰው ድምፅ የሚሰማው በግቢው በቆመችው መኪና ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያስቃል። ሁል ጊዜ ግን አያስቅም።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበረ፤ ከአንድ ወዳጄ ጋራ ለቅሶ ለመድረስ እንሄድ ነበር። መኪናዋን የሚነዳው እርሱ ነበረ፤ እኔ በጋቢና፥ ትልቁ ልጁ በኋላ ወንበር ተቀምጠናል። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ፥ ጧት በሰዓቱ ወጥቶ ማታ በሰዓቱ የሚገባ፥ አባቱ የሚመካበት ልጅ ነው። ያን ዕለት ጧት መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወስዶ የመለሰው እርሱ ስለ ነበረ፤ የእርሱም የአባቱም ስልክ ከመሣሪያይቱ ጋራ ተገናኝተው ነበር። ከቀበና ወደ መገናኛ ስንሄድ ስልክ ተደወለ። ወዳጄ የቀብሩን ሰዓት የሚነግረው ሰው ይጠብቅ ነበርና፤ የተደወለው ለእርሱ መስሎት ቁልፏን ተጫነ። አቤት ሳይል የአንድ ጎልማሳ ድምፅ መኪናዋን ሞላት፤ «ወንድሜ እንዴት ነህ? ለአባትህ ነገርኸው፤ ወይስ እስከ ዛሬ ጧት ጧት እየወጣህ ካፌ ትውላለህ? ከሥራ ከወጣህ እኮ ሦስት ወር ሞላህ!»

ይህን ለመናገር የፈጀው ጊዜ እስከ አሥር ቢቆጥሩ አይሞላም። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ግን ከፊታችን የነበረው መኪና ቆሞ ኖሯል፤ ወዳጄ ዓይኑ ወደ መንገዱ እያየ አላስተዋለውም፤ እኔ ስጮኽ ፍሬን ይዞ ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ፤ ወደ ኋላም ሳይዞር «ስልኩ የአንተ ነው፤ ወርደህ ተነጋገር» አለ። ልጁ ወረደ። ሲመለስም አባቱ ምንም አልጠየቀውም፤ ስለ መንገዱ መጨናነቅና ስለ ሟቹ ደግነት እያነሣ ለቅሶው ቤት ደረስን።

እኔ ግን በልቤ ተቆጥቼ ነበር። ስንመለስ ልጁ በለቅሶው ቤት ስለ ቀረ፤ ወዳጄን ብቻውን አግኝቼ «ልጅህ ሦስት ወር ሙሉ ሲዋሽህ ኖሮ እንዴት ዝም ትለዋለህ?» አልሁት። እርሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ «የኔታ፤ ያ ቃል ለእኔ አልተላከም። ልጄ ራሱ የሚልክልኝን እጠብቃለሁ» አለኝ። ይህ ወዳጄ በንግድ ሥራ የሚተዳደር እንጂ ከጉባኤ የዋለ ሰው አይደለም። እኔ ዘመኔን በቅኔ ቤት የቃልን ምሥጢር በመፈለግ የፈጀሁት ግን፤ የነገረኝን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም።

እንዲያውም ከሦስት ቀን በኋላ በአንድ ማኅበር ተቀምጠን የዘመኑ ልጆች ነገር ሲነሣ፤ ይህን ታሪክ ለምሳሌ አድርጌ ተናገርሁት። የአባቱን ስም አልጠራሁም፤ የልጁንም ስም አልጠራሁም፤ ስም ካልጠራሁ ሐሜት አይሆንብኝም ብዬ ነበር። ነገር ግን ከተቀመጡት መካከል ወዳጅነታችንን የሚያውቅ ሰው ነበረና፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ለመገመት አልተቸገረም። በማግሥቱ ነገሩ ዞሮ ከልጁ እናት ጆሮ ደረሰ። እርሷም የልጇን ችግር ከልጇ ሳይሆን ከጎረቤት በመስማቷ አለቀሰች። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ልጁ አክብሮ ተቀበለኝ፤ ወንበርም ሰጠኝ። ከዚያም ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «የኔታ፤ እሑድ ልነግራቸው ወስኜ ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ይህ አንድ ቃል እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

አንዳንድ ሰው «እውነት መውጣቱ በጎ አይደለምን? ልጁ ይዋሽ ነበር፤ መሣሪያይቱ ገለጠችው፤ ምን ክፋት አለበት?» ይል ይሆናል። እኔም በፊት እንዲህ ባይ ነበርሁ። ነገር ግን አንድን እውነት ባለቤቱ ሲናገረውና ሌላ ሰው ሲያወጣበት አንድ አይደለም። ባለቤቱ ሲናገረው ጥፋቱን ያምናል፥ ምክንያቱን ያስረዳል፥ ይቅርታ ይለምናል፤ ከተናገረም በኋላ ቀና ብሎ ይሄዳል። ሌላ ሰው ሲያወጣበት ግን የሚወጣው ጥፋቱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም የሚሰማለት የለም፤ በፈቃዱ ሊያቀርበው የነበረውም ይቅርታ ተገዶ ያቀረበው ይመስልበታል። አባቱ ዝም ያለው ውሸቱን ስለ ወደደለት አይደለም፤ በራሱ አፍ ወደ እውነት የሚመለስበትን መንገድ እንዳይዘጋበት ነው እንጂ። ያን መንገድ የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ይህን ሕግ ከመሣሪያይቱ በፊት ተምሬው እንደ ነበረ ኋላ ትዝ አለኝ። በ1970ዎቹ በጎጃም በቅኔ ተማሪ ቤት ሳለሁ፤ ከባላገሩ ማንበብ የሚችል ጥቂት ነበርና፤ ከከተማ ወይም ከጦር ሜዳ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ይመጣ ነበር። እናት ከልጇ የመጣላትን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለች፤ እኛም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እናነብላታለን። በወረቀቱ ውስጥ ዕዳ አለ፤ ሕመም አለ፤ የባልና የሚስት ጠብ አለ። መምህራችን ደብዳቤ ያነበበ ተማሪ፤ ስላነበበው ነገር ከጓደኛው ጋራ ሲያወራ ካገኙት ሳይቀጡት አያልፉም ነበር። ደብዳቤው የባለቤቱ ነው፤ አንባቢው ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ የተዋሰው ዓይን ነው፤ የተዋሱትም ዓይን ያየውን ይዞ አይሄድም ይሉን ነበር። እኔ ስለ ዓይን የተማርሁትን ለጆሮ ማድረግ ተሳነኝ።

ከተናጋሪውም ወገን ቢመለከቱት ነገሩ ከባድ ነው። ሰው ለወዳጁ፥ ለአባቱና ለዳኛ የሚናገረው ቃል አንድ ዓይነት አይደለም። ይህም ግብዝነት ሳይሆን ቃልን በሰሚው መጠን መመጠን ነው። ባለቅኔ እንኳ ቅኔውን ሲያዘጋጅ የሚሰማውን ጉባኤ አስቦ ሰምና ወርቁን ያስማማል። ያ የደወለ ጎልማሳም አባትን በልጁ ፊት ሊያሳፍር አልፈለገም፤ ወዳጁን ለመገሠጽና ለማበርታት ለአንድ ጆሮ የተናገረው ቃል፤ እርሱ ሳያውቅ ሦስት ጆሮ ውስጥ ገባ። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፤ ሰውዬው ሳይታይ ድምፁ መሰማቱ ብዙዎችን አስደንግጦ እንደ ነበረ ይነገራል። ያን ጊዜ ያስፈራው ሰሚው ተናጋሪውን አለማየቱ ነበር፤ ዛሬ ሊያስፈራ የሚገባው ተናጋሪው ሰሚዎቹን አለማየቱ ነው። ቀድሞ በሳሎን የተቀመጠው ስልክ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነበርና፤ የሚደውል ሰው አባትም እናትም ሊያነሡት እንደሚችሉ አውቆ ይጠነቀቅ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ ግን፤ ስልክ እንደ ኪስ መሐረብ የአንድ ሰው ብቻ እየሆነ ስለ መጣ፤ የሚደውልም ሰው ያለ ጥርጥር ይናገራል። የመኪናዋ መሣሪያ ይህን የአንድ ሰው ስልክ መልሳ የሁሉ አደረገችው፤ ለደዋዩ ግን አልነገረችውም።

ስለ ምሥጢር ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ሕይወትም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ ለጥቂት ተረፍን ያልሁትን አንባቢ አይረሳውምና። ብዙ ሰው እጁ ነፃ ከሆነ ልቡም ነፃ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት የካናዳ ሊቃውንት፤ በቶሮንቶ ስልክ ኖሯቸው የመኪና ግጭት የደረሰባቸውን የ699 ነጂዎች ነገር መርምረው፤ ሰው በስልክ በሚነጋገርበት ጊዜ የመጋጨቱ አደጋ ወደ አራት እጥፍ እንደሚደርስ ጽፈዋል፤ ስልኩን በእጁ ያልያዘውም በእጁ ከያዘው የተሻለ ደኅንነት እንዳላገኘ ገልጸዋል። በ2001ም በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ስትሬየርና ጆንስተን የተባሉ መርማሪዎች መንዳትን በሚመስል መሣሪያ ሰዎችን ፈትነው፤ በስልክ የሚነጋገሩት ሰዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት የመንገድ ምልክት በእጥፍ እንደሚበዛ አገኙ፤ በእጅ በመያዝና ባለመያዝ መካከልም ልዩነት አላዩም። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ግዛት፥ በ2003ም ብሪታንያ፤ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን በሕግ ሲከለክሉ፤ በእጅ ሳይያዝ መነጋገርን ግን አልከለከሉም። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ ይህም እንዲከለከል ምክር አቅርቧል። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም። በጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱን አብሮ ያያልና፤ አስጊ ነገር ሲያይ ወሬውን ያቆማል። በስልክ ያለው ግን መንገዱን ስለማያይ አያቆምም። የልጁ ወዳጅም የቆመውን መኪና ቢያይ ኖሮ ዝም ባለ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መሣሪያይቱን አውጥተን እንጣላት አልልም፤ ሰው ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መሪውን ከሚጨብጥ እርሷ ትሻላለች፤ ከዚህም ሁሉ ዳር ይዞ መቆም ይበልጣል። ነገር ግን አራት ነገር ማድረግ የሚገባን ይመስለኛል።

መጀመሪያ፤ ሰው አሳፍሮ የሚነዳ ሰው ስልክ ቢደወልለትና ማንሣት ግድ ቢሆንበት፤ ከሰላምታ በፊት «በመኪና ውስጥ ነኝ፤ ሰው አብሮኝ አለ፤ ድምፅህ ለሁሉ ይሰማል» ይበል። ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ደዋዩ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ማወቅ የራሱ ፋንታ ነው።

ሁለተኛ፤ ብዙ ነጂ ያላት መኪና በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ትያዝ። መሪውን የጨበጠው የራሱን ያገናኝ፤ የሌላውን ያላቅቅ፤ መኪናዋን ሲያስረክብም እንዲሁ የራሱን አላቅቆ ያስረክብ። ሁለት ስልክ መያዝ ግድ ከሆነም፤ ማን እንደ ተጠራ ሳይለዩ ቁልፍ እንዳይጫኑ የሁለቱ ስልክ ጥሪ ይለያይ።

ሦስተኛ፤ ከመኪናው ጋራ ተሠርተው የሚመጡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን የሰዎች ስምና ቁጥር፥ የተደወለውንም ዝርዝር ገልብጠው ያስቀምጣሉ። መኪና ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ይህ ሁሉ ከመኪናው ጋራ ለማያውቁት ሰው ይተላለፋል። በ2016 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መኪና የሚከራዩ ሰዎች መኪናውን ከመመለሳቸው በፊት ይህን እንዲሰርዙ አሳስቦ ነበር። ቤት የሚለቅ ሰው ወረቀቱን ለቅሞ እንዲወጣ፤ መኪና የሚያስረክብም የወዳጆቹን ስም ሰርዞ ያስረክብ።

አራተኛውና ዋናው የሰሚው ፋንታ ነው። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ እንኳ ሰው ሳይላክለት የሚሰማው ቃል አይታጣም። እንዲህ ያለው ቃል በእጃችን የተገኘ የሌላ ሰው አደራ ነው። ገንዘብ ወድቆ ያገኘ ሰው ባለቤቱን እያወቀ ቢያወጣው ሌባ ይባላል፤ ቃልም እንዲሁ ነው። አለመጠየቅ፥ አለመድገም፥ ስም ሳይጠሩም ቢሆን ለምሳሌ አለማድረግ ይገባል። ጥያቄ ያለው ሰው ለብቻው ወደ ባለቤቱ ይሂድ። ነገር ግን የሰማው ነገር የሌላውን ሰው ሕይወት ወይም ደኅንነት የሚያጠፋ ከሆነ፤ አደራ ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ አደራ የሚጠበቀው ሰው እንዳይጎዳ ነውና፤ ሰው ሊጎዳ ሲል ለሚያድን ሰው መንገር ይገባል። የወዳጄ ልጅ ነገር ግን ከዚህ ወገን አልነበረም። እሑድ ቢጠበቅለት ማንም የሚጎዳ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ዳግመኛ በጽሑፍ ሳወጣው፤ የሚነቅፈኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነቀፋውም የተገባ ነበር። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ወደ አባቱና ወደ ልጁ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። አባቱ «እርሱን ጠይቅ፤ ቃሉ የእርሱ ነው» አለኝ። ልጁም ጽሑፉን ሰጥቼው ካነበበ በኋላ «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ይውጣ፤ ሥራ ገና እፈልጋለሁ ብለህ ግን ጨምርበት» አለኝ። እነሆ ጨምሬዋለሁ።

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የማን ነው ብዬ ነበር የጀመርሁት። የላከው ሰውና የተላከለት ሰው ነው። ሌሎቻችን፤ በመንገዱ ላይ ያገኘን ጠባቂዎች ነን። እኔ ጠብቅ ተብዬ አልጠበቅሁም፤ ወዳጄ ግን ማንም ጠብቅ ሳይለው ጠበቀ።